«ግንዱ!» ብዬ ሰደብኩት፣ ስድቡ ግን ቤቴ ገባ

ታናሽ ወንድሜ ታኬታውን አልጋ ሥር ወርውሮ ልምምድ ካቆመ ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከኳስ ሌላ ወሬ ያልነበረው ልጅ አሁን ኳስ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። እናቴ «ልጄን ምን አድርገውብኝ ነው?» እያለች ጎረቤቱን ትጠይቃለች። ጎረቤቱ መልሱን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ!

መቼም በዚህ ገጽ የፍቅርና የትዳር ጣጣ ስናወራ ኖረን ዛሬ ኳስ ሳነሳ «ምነው፣ ገጽ ተሳሳትክ እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። አልተሳሳትኩም። የዛሬው ጉዳይ የኳስ ሳይሆን የምላስ ነው። በገጹ ልማድ ሰው በስሙ አንጠራምና ዓለም የሚያውቃቸውን ተጫዋቾችም ቢሆን ስማቸውን አልጠራም። ኳስ የምታዩ ልጆች ለመገመት አትቸገሩም። የማታዩም ብትሆኑ ነገሩ ይገባችኋል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ማንችስተር ዩናይትድ ከጣሊያኑ አታላንታ አንድ ዴንማርካዊ አጥቂ ገዛ። ዋጋው 64 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሆነ፣ ተጨማሪው ሲደመር ደግሞ 72 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተዘገበ። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሲመጣ ጀርባውን ታሞ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ግን ጀርባውን ማን ያስታውሳል? እኛ የምናስታውሰው 64ቱን ነው!

እኔ የዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት የኔ ቦታ የታወቀ ነው፤ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ። አፌ ትንሽ ስለት ስላላት ሰው እኔ የምለውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ልጁ ባዶ ጎል ፊት ኳስ ሲያመልጠው ቆሜ «ኧረ ይሄ ግንድ ነው! ባለ 64 ሚሊዮን ግንድ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻይ የምታቀርበው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁ ስም «ግንዱ» ሆኖ ቀረ።

እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው የፈጠርከውን ቃል ሲደጋግምልህ የሚሰማህን ስሜት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ ብቻ ነበሩ ያልሳቁት። ስኒያቸውን አስቀምጠው «ይሄ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ።

«ሃያ» አልኳቸው።

«እናንተ ቤት ሃያ ዓመት የሆነው የለም?»

«አለ እንጂ ጋሼ፣ ግን 64 ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለበት የለም!» ብዬ መለስኩላቸው። ቤቱ እንደገና ሳቀ። እሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

አሁን ሳስበው ጥያቄያቸው ውስጥ የኔ ጥፋት ሁሉ ነበረበት። እኛ የተጫዋችን ዕድሜ የምንቆጥረው በዋጋው ነው። ዋጋው ሲበዛ ልጅነቱ ይጠፋብናል። የሃያ ዓመት የሰፈር ልጅ ቢሳሳት «ገና ልጅ ነው» እንላለን፣ የሃያ ዓመት ባለ 64 ሚሊዮን ግን ሽማግሌ ይሆንብናል። አገሩን፣ ቋንቋውን፣ የእናቱን ቤት ለቆ የመጣ መሆኑ ጭራሽ አይታየንም። ከኛ ሰፈር ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ በመጀመሪያው ወር ደውላ ብታለቅስ «አይዞሽ፣ አገሩን እስክትለምጂ ነው» የምንል ሰዎች ነን እኮ!

ለመሆኑ ልጁ በእርግጥ ግንድ ነበር? በዚያው ወራት፣ እኛ በምንስቅበት ጊዜ፣ በሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ አምስት ጎል አግብቷል። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ቀልዴን ስለሚያበላሽብኝ አላወራውም ነበር። በሊጉ የመጀመሪያዋን ጎል ያገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2023 ነው። አስቶን ቪላ ሁለት ለባዶ መርቶ ጨዋታው ሁለት እኩል ሆኖ ሳለ፣ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው የማሸነፊያዋን አስቆጠረ። ይህንን ጨምሮ በተጫወታቸው ስድስት ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አገባ። በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ በስድስት ተከታታይ ጨዋታ ያገባ በዕድሜ ትንሹ ተጫዋች እሱ ሆነ። ስድስተኛው ሉተን ላይ ነበር፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ።

ዲኤስቲቪ ቤት ምን አልን መሰላችሁ? «ግንዱ አቆጠቆጠ!» አልን። ሲያገባም ሰደብነው ማለት ነው!

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ኳሷ እምቢ አለችው። 21 ጨዋታ ያለ ጎል ቆይቶ እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ሌስተር ላይ ነው የፈታው። ሴፕቴምበር ላይ በውሰት ወደ ናፖሊ ሄደ፤ በመጀመሪያ ጨዋታውም ፊዮረንቲና ላይ አገባ። ልጁ በማንችስተር ድንቅ ነበር እያልኳችሁ አይደለም፤ ብዙ ቀን ደካማ ነበር። ደካማ ነበር ማለት ግን አንድ ነገር ነው፣ ግንድ ነው ማለት ሌላ። የመጀመሪያው ስለ ጨዋታው ነው፣ ሁለተኛው ስለ ሰውየው።

እዚህ ላይ ሌላም ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ደህና ስለነበር የኳስ ወሬ እየተረጎምኩ መሸጥ ጀመርኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ማታ የእንግሊዝ ጋዜጦችን ርዕስ ታያለህ። ከሁሉም የሚጮኸውን ትመርጣለህ። ውስጡን ለማንበብ ጊዜም ዳታም ስለሌለ ርዕሱን ትተረጉምና ከራስህ ትሞላለህ። አዘጋጁ «ቅመም ጨምርበት» ይልሃል፤ ትጨምራለህ። ጠዋት አንዱ በሬዲዮ ያነበዋል፣ ሌላው በቴሌግራም ይለጥፈዋል፣ እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ስትገባ ያንኑ የራስህን ቅመም ሌላ ሰው እንደ ማስረጃ አምጥቶ ያቀርብልሃል። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» ይልሃል። አንተም ታምነዋለህ። እንዲህ ነው የአንድ ልጅ ስም በሦስት ቀን የሚቆሽሸው።

የእንግሊዝ ጋዜጦች ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓመት ሁለት የማንችስተር ሲቲ ወጣቶች ለእናቶቻቸው ቤት ገዙ። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ነጭ። ሁለቱም ቤቶች ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወይም ትንሽ አለፍ የሚል ዋጋ ነበራቸው። የነጩ ርዕስ «ወጣቱ ኮከብ ለእናቱ ቤት ገዛ» በሚል መንፈስ ወጣ። የጥቁሩ ደግሞ አንድም የሊግ ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር ይህን ሁሉ ገንዘብ አፈሰሰ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የዚያው ክለብ ትልቅ ተጫዋች ሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን አድርጎ ለዓለም አሳየ። እናትን ማክበር እንኳ በአንዱ ምርቃት፣ በሌላው እርግማን ሆኖ ሲጻፍ ተመልከቱ! ያኔ የጥቁሩን ርዕስ ብቻ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ እኔም ቅመም ጨምሬበት እተረጉመው ነበር።

በስፔን ደግሞ የባሰ አለ። አንድ ብራዚላዊ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ገባ። ጎል ፊት ሲደርስ ኳስ ስለሚያመልጠው ብዙ ተቀለደበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ላይ ሊቨርፑልን አንድ ለባዶ ሲያሸንፉ የሻምፒዮንስ ሊጉን ጎል ያገባው እሱ ነው። በዓመቱ፣ ሜይ 21 ቀን 2023፣ ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ «ዝንጀሮ» እያሉ ሰደቡት። ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። ልጁ ሰዳቢዎቹን በጣቱ እየጠቆመ ለዳኛው አሳየ። በዓመቱ ሦስት ደጋፊዎች የስምንት ወር እስር ተፈረደባቸው።

ይህን ስናይ እኛ «ነጮቹ ዘረኞች!» ብለን ጮኸናል። ጥሩ አደረግን። ግን እስቲ እንተማመን… እኛስ ዲኤስቲቪ ቤት የአፍሪካ ልጅ መልክ ላይ፣ ጥቁረቱ ላይ፣ አፍንጫው ላይ ስንቀልድ አልሰማችሁም? እኔ ሰምቻለሁ። ስቄያለሁም።

«ስድቡ እኮ እሱ ጋ አይደርስም፤ እሱ በሚሊዮን ላይ ተኝቷል» የሚል ክርክር አለ። እኔም ስከራከርበት ኖሬያለሁ። ሁለት መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው፣ ይደርሳል! እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2021 በዌምብሌይ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ በፍጹም ቅጣት ምት በጣሊያን ተሸነፈች። የሳቱት ሦስት ጥቁር ልጆች ናቸው፤ የ23፣ የ21 እና የ19 ዓመት። የመጨረሻዋን የመታው የ19 ዓመቱ የአርሰናል ልጅ ነው። አገር ሁሉ ዋንጫ በሚጠብቅበት ሌሊት፣ የመጨረሻዋን ኳስ ለ19 ዓመት ልጅ ሰጥተው፣ በረኛው ሲመልስበት በየስልኩ የዘር ስድብ ላኩለት። ከቀናት በኋላ ልጁ ሲጽፍ ምን ዓይነት ጥላቻ እንደሚመጣበት ያኔውኑ አውቆት እንደነበር ተናገረ። ይህ ነው ያስደነገጠኝ። የሰው ልጅ በሕይወቱ ትልቁን ሐዘን ባዘነበት ሰዓት ማልቀስ እንኳ ሳይጨርስ ስድቡን ቆሞ መጠበቅ!

ልጁ ግን ተመልሷል። በጁላይ 2024፣ በሌላ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ስዊዘርላንድ ላይ የአቻነቷን ጎል አገባ። ቀጥሎም ወደዚያችው የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ሄዶ መታና አገባ። ቢሆንም የሚመለስ ሁሉ አይደለም። እኛ የምናውቀው የተመለሱትን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ የኔ ቤት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሁድ የሰፈራችን ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሕዝቡ ግን ዙሪያውን ሞልቷል። የወንድሜ ቡድን አቻ ወጥቶ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደረሰ። አምስተኛውን የሚመታው ወንድሜ ነው። ኳሷን ሲያስቀምጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ አየሁት። መታ… ከአግዳሚው በላይ ሄደች።

ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ከጎሉ ኋላ አንድ ሕፃን፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ግንዱ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው ጨመረ። ወዲያው ሜዳው በሙሉ እያጨበጨበ «ግን-ዱ! ግን-ዱ!» ማለት ጀመረ። ለካ በሰፈራችን ልጆች ዘንድ ኳስ የሳተ ሁሉ «ግንዱ» መባል ከጀመረ ቆይቷል! ሕፃኑ ዴንማርካዊውን አያውቀውም። ስድቡን ግን ወርሶታል።

አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ፣ የሳተው ወንድሜ መሆኑን ልብ ሳይል፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ያወጣኸው ስም ሠራ እኮ!» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንድሜ ራሱን ደፍቶ በሕዝቡ መሃል ሲያልፍ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ምንም አላለኝም። ባለቀሰ ይሻል ነበር።

ማታ እራት አልበላም። እናቴ «ኳስ ነው፣ ያልፋል» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ምን እላለሁ? አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ስድብ ሲሆን ቃል አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ!

በሁለተኛው ሳምንት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ይቅርታ» አልኩት። በኛ ቤት ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ አልተለመደምና ደነገጠ። «አንተ አልጮህክም እኮ» አለኝ።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እሱም እንዲህ ይሰማው ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለሁለት ዓመት በሰፊው ያወራሁበትን ልጅ አንድም ቀን «ምን ይሰማዋል?» ብዬ አስቤው እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መልስ ስላልነበረኝ የዲሴምበሯን ጎል ነገርኩት። ከዚያም ሌሎችን።

አንድ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1999 በ21 ዓመቱ አርሰናል ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች አንድም ጎል አላገባም። «ይሄ ምንድን ነው?» ተብሎበታል። ከዚያ 228 ጎል አግብቶ ዛሬ ሐውልቱ ስታዲየሙ ደጃፍ ቆሟል። በስምንተኛው ጨዋታ ላይ «ግንድ» ብለው ቢያባርሩትስ ኖሮ?

ፖርቱጋላዊውንም ነገርኩት። በ18 ዓመቱ ማንችስተር ሲመጣ «አብዶ ብቻ ነው» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ የክለብ ጓደኛው በቀይ ካርድ ሲወጣ ዓይኑን ጠቀስ አደረገ ተብሎ የእንግሊዝ ጋዜጦች ዘመቱበት፤ አንዱ ጋዜጣ ፊቱን የዳርት መወርወሪያ ዒላማ አድርጎ አተመው። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በየሜዳው ሲጮኹበት ከርሞ ክለቡ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፣ እሱም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ወንድሜ ሰማኝና «እነሱ እነሱ ናቸው፣ እኔ እኔ ነኝ» አለኝ። ልክ ነው። ሁሉም ልጅ ኮከብ አይሆንም። ለዚህ ነው ክርክሬን «አንድ ቀን ያሳያችኋል» ብዬ የማልዘጋው። ባያሳየንስ? መካከለኛ ተጫዋች ሆኖ ቢቀር መሰደብ ይገባዋል ማለት ነው? ሰው የሚከበረው ወደፊት ጎል ስለሚያገባ ከሆነ ያ ክብር ሳይሆን ብድር ነው።

እንግዲህ ምክር ከራሴ ይጀምር። ኳስ አይተች አልልም፤ ያለ ትችት ኳስ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። «ዛሬ ደካማ ነበር፣ አቋቋሙ ልክ አይደለም፣ ይቀየር» በሉ። ከኳሱ አልፋችሁ ወደ መልኩ፣ ወደ ዘሩ፣ ወደ እናቱ ስትሄዱ ግን ጨዋታው አልቋል፤ ያላችሁት ጸብ ውስጥ ነው። የቆረጣችሁት የውርርድ ቲኬት ሲቃጠል ንዴቱ የእናንተ እንጂ የልጁ ዕዳ አይደለም፤ ቲኬቱን ስትቆርጡ እሱን አላማከራችሁትም። ማይክና ብዕር የያዝን ደግሞ ርዕሱን ከመተርጎማችን በፊት ውስጡን እናንብብ፣ የልጁንም ዕድሜ ከዋጋው አስቀድመን እንጻፍ። ደግሞ ስትሰድቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከጎናችሁ የሚስቀው ሕፃን ቃሉን ተምሮ እየሄደ ነው። ማን ላይ እንደሚጥለው አታውቁም።

ባለፈው እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። አንዱ ስለ አዲስ ልጅ «ይሄስ ግንድ…» ሲል ወደኔ ዞሮ ሳቅ ጠበቀ። «ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት። ቤቱ ግራ ተጋባ። ጋሼ ግን ስኒያቸውን አንስተው ፈገግ አሉ።

ይህን እስክጽፍ ድረስ ወንድሜ ወደ ልምምድ አልተመለሰም። አሰልጣኙ ሁለት ጊዜ ቤት መጥቶ ጠይቆታል። ትናንት ማታ ስገባ ግን ታኬታው ጭቃው ታጥቦ መስኮት ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ማን እንዳጠበው አልጠየቅኩም።

ቸር ሰንብቱ!